የአውሮፕላን ክንፍ ጫፍ ቀይሮ ነዳጅ መቆጠብ ይቻላል? ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ጅማ ነው ያለሁት። የምሠራበት ትንሽ የቻርተር ድርጅት አንዲት ሴስና 206 የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አለችው። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ቴፒና ጋምቤላ እንመላለሳለን። የአውሮፕላኗ ቤንዚን፣ አቭጋስ፣ ዋጋው አልቀመስ ብሏል፣ እሱም ሲገኝ ነው። አንድ ሻጭ የክንፏን ጫፍ ብትቀይሩ 15 በመቶ ነዳጅ ትቆጥባላችሁ አለን። እውነት ነው ወይ? የአየር መንገዳችን ትልልቅ አውሮፕላኖች የክንፋቸው ጫፍ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ እዚህ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ግን የለውም። ለምን? ደግሞ የእኛዋ የግራ ጫፍ ፋይበር ግላሱ ተሰንጥቋል። እዚሁ ፋይበር ግላስ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አለ። እሱው ወደ ላይ አጥፎ ቢሠራልንስ?»

ሰላም ወንድሜ። የመጨረሻውን አስቀድሜ ልመልስና ልረፍ፦ ልጁ አይሥራው። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። 15 በመቶ የሚባለውንም እርሳው። በ206 ላይ ጥሩ የክንፍ ጫፍ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነዳጅ ቢያተርፍልህ ተመስገን በል። ይህ ማለት ግን ነገሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጅማ ላይ ለሚሠራ ሰው የክንፍ ጫፍ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ሻጩ ያልነገረህ እሱን ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንግባባ። ክንፍ አውሮፕላን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። ከክንፉ ሥር ያለው ግፊት ከላይኛው ይበልጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚያግደው ስለሌለ የታችኛው አየር ዞሮ ወደ ላይ ያመልጣል። ከኋላ የሚጠማዘዝ አዙሪት ጥሎ ይሄዳል። ያን አዙሪት ለማዞር የወጣው ጉልበት ከሌላ ከየትም አልመጣም፤ ከነዳጅህ ነው። አየር አውሮፕላንን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል ድራግ ይባላል፤ ከዚህ አዙሪት የሚመጣውን ባለሙያዎች ኢንዲዩስድ ድራግ ይሉታል። ሌላው ድራግ፣ ማለትም የአየር ፍትጊያው፣ የጎማው፣ የአንቴናው፣ የክንፍ ደጋፊ ዘንጉ፣ ፓራሳይት ድራግ ይባላል። የክንፍ ጫፍ የሚቀንሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህቺን ነጥብ ያዝልኝ። ሻጮች ሁሌም የሚዘሏት እሷን ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ዊንግሌት (ወደ ላይ የታጠፈው ጫፍ) አዙሪቱን ያጠፋል» ይባላል። አያጠፋም። ክንፍ ክብደት እስከተሸከመ ድረስ አዙሪት አለ። የሚቻለው ያንኑ ክብደት በሰፋ አየር ላይ ማከፋፈል ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የክንፍ ርዝመት ነው። ክንፉን 10 በመቶ ብታረዝመው ኢንዲዩስድ ድራግ በ17 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ክብደቱን 10 በመቶ ብትጨምር ደግሞ በ21 በመቶ ይወጣል። ፍጥነት ሲጨምር ይህ ድራግ ይቀንሳል፤ ፓራሳይቱ ግን ያብጣል። ቅርጽ፣ ውበት፣ የታጠፈ፣ ያልታጠፈ የሚባለው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላናችሁ። የ206 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ 16.2 ሜትር ካሬ። የተፈቀደላት ከፍተኛ ክብደት ለአብዛኞቹ ሞዴሎች 3,600 ፓውንድ ነው፤ 1,633 ኪሎ መሆኑ ነው። እንበልና በ1,600 ኪሎ ከጅማ ተነስታችሁ በ10,000 ጫማ አካባቢ በ135 ኖት (በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ) ትበራላችሁ። ከእስክሪብቶና ከካልኩሌተር በላይ የማይጠይቅ ሂሳብ ሠራሁ። ኢንዲዩስዱ ወደ 400 ኒውተን ይመጣል፤ ጠቅላላው ወደ 1,600 ኒውተን። ሩብ ማለት ነው። ባሕር ጠለል አጠገብ፣ በቀላል ጭነት ቢሆን ከዚያም ያነሰ ነበር። የእኛ አገር ከፍታና ቀጭን አየር ነው ወደ ሩብ ያደረሰው።

እንግዲህ ሻጩን እንመዝነው። 15 በመቶ ነዳጅ ለመቆጠብ ከጠቅላላው ድራግ 15 በመቶ መጥፋት አለበት። ያ ማለት ከኢንዲዩስዱ ከግማሽ በላይ፣ 60 በመቶው መጥፋት አለበት። ይህን ለማምጣት ክንፉ ከ11 ሜትር ወደ 17 ሜትር መርዘም ነበረበት። እሱ የሚሸጥላችሁ ግን የክንድ ርዝመት የማይሞላ ፕላስቲክ ነው። እንዴት ሆኖ?

በገበያ ላይ ያሉት ጫፎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ እኔ እንደምፈርጃቸው። አንደኛው ወደ ታች የተቆለመመው ነው፤ ከአጭር ሜዳ መነሳትና ማረፍን ለማሻሻል በሚሸጡ ዕቃዎች ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በዝቅተኛ ፍጥነት ትንሽ ይረዳል። በክሩዝ ላይ፣ ማለትም ከፍታ ይዞ ቀጥ ብሎ ሲበር፣ ለውጥ የለውም በለው። ሁለተኛው ሆርነር የሚባለው ነው፣ ዚግሃርድ ሆርነር በተባለ የጀርመን ተወላጅ የድራግ ሊቅ የተሰየመ። የታችኛው ገጽ ሰያፍ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ገጽ ቀጥ ብሎ ሹል ጠርዝ ላይ ያልቃል። አዙሪቱ ትንሽ ወደ ውጭ ተገፍቶ ስለሚፈጠር ክንፉ ካለው ርዝመት ትንሽ የረዘመ ያህል ይሠራል። ቀላል፣ ብዙ የማያስወጣ፣ ሐቀኛ ዕቃ ነው። ኢንዲዩስዱን 5 በመቶ ቀነሰ ብንል፣ የሩብ 5 በመቶ ነውና ከጠቅላላው 1 በመቶ ከምትሆን ነገር ብዙም አይዘልም። ሦስተኛው ክንፉን በእርግጥ የሚያረዝመው ነው። ለሴስናዎች የተሠሩ፣ በሁለቱም በኩል በድምሩ 3 ጫማ ገደማ የሚጨምሩ ማራዘሚያዎች አሉ። 36 ጫማ 39 ሲሆን ኢንዲዩስዱ 15 በመቶ ይወርዳል። ከጠቅላላው ወደ 3.7 በመቶ። ግን የተጨመረው ክንፍም አየር ይፈትገዋል፤ እሱ 1 በመቶ ገደማ ይበላል። የሚተርፍህ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው።

በሊትር እንየው። ከጅማ አዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 140 ናቲካል ማይል። ሞተሩ በሰዓት 53 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ መውጣቱን ጨምሮ 65 ሊትር ያህል ይሄዳል። ክንፉን ያስረዘመ ሰው ከዚህ አንድ ሊትር ተኩል ያተርፋል። ሆርነር ያስገጠመ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ። በዓመት 300 ሰዓት ብትበሩ፣ ማራዘሚያው 400 ሊትር ቢያድንላችሁ ነው። ሁለት በርሜል። ሆርነሩ አንድ በርሜል አይሞላም። በእጅህ ያለውን የሊትር ዋጋ አባዛውና ከዕቃው፣ ከማጓጓዣው፣ ከጉምሩኩና ከመካኒኩ ዋጋ ጋር አስተያየው። ማራዘሚያው ከነሥራው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ዶላሩን የማግኘቱን ጣጣ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ታዲያ የአየር መንገዱ ትልልቆቹ ለምን አደረጉት? ጥያቄህ ደህና ጥያቄ ነው። ዊንግሌትን በዘመናዊ መልኩ የሠራው የናሳው ሪቻርድ ዊትኮም ነው። ጥናቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ገና ትዝታው አልበረደም ነበር። ከዚያ በ1979 እና 1980 በኬሲ 135 የነዳጅ አመላላሽ ጄት ላይ ተሞክሮ ከ6 በመቶ በላይ ማሻሻያ ታየ። ግን አስተውል፦ ይህ ከ30,000 ጫማ በላይ፣ በስስ አየር፣ ከባድ ጭነት ይዞ ለሰዓታት የሚበር ጄት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ኢንዲዩስዱ ከጠቅላላው ድራግ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አንድ ቦይንግ 737 በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ይበራል። 4 በመቶ እዚያ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። የአውሮፕላን ማቆሚያ ስፋት ገደብ አለው። የ737 ዓይነት አውሮፕላኖች የሚመደቡበት ክፍል ከ36 ሜትር በታች ነው። 737-800 ያለ ዊንግሌት 34.3 ሜትር ነው፤ ከነዊንግሌቱ 35.8። ወደ ጎን የመርዘም ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ታጠፈ። ቦታ ሲኖር ምን እንደሚያደርጉ ማየት ከፈለግክ ድሪምላይነሩን ተመልከት። የቆመ ዊንግሌት የለውም። ጫፉ ሾጥጦ ወደ ኋላ ተጋድሞ ረዝሟል። አዲሱ የቦይንግ 777X ደግሞ በአየር ላይ 71.8 ሜትር ተዘርግቶ፣ መሬት ላይ ጫፉን አጥፎ 64.8 ሜትር ይሆናል። ይህን ሁሉ ማጠፊያና ሞተር የተሸከመው ርዝመት ለማግኘት ነው። የሚያምር ጫፍ ቢበቃማ ኖሮ ማን ይህን ይሸከም ነበር?

ኪው 400ን በተመለከተ መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ክንፉ ከመጀመሪያውም ቀጭንና ረጅም ነው፤ 28.4 ሜትር። የክንፉ ርዝመት ከአማካይ ወርዱ 12 እጥፍ በላይ ነው። የእናንተ 206 ሰባት ተኩል እጥፍ አይሞላም። አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ላይ ቆመህ ሲያርፍ ካየኸው፣ ክንፉ ከሰውነቱ በላይ እንደ ዱላ ተጋድሞ ነው የሚታይህ። ለእሱ ዊንግሌት መጨመር ክብደት መጨመር ነው። ጉዞውም አጭር ነው፤ ወጣ ሲል ይወርዳል።

አሁን ጥቅሙ ወዳለበት ልውሰድህ።

ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ከ5,500 ጫማ በላይ። ይህ በወረቀት ነው። ከሰዓት ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ ሞተሩና ክንፉ የሚያውቁት ከፍታ ሌላ ነው፤ ወደ 8,400 ጫማ ይሆናል። በዚህ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ300 ፈረስ ጉልበቱ ሩቡን ያህል አየር በልቶበታል። ጭነት አለ። ተነስተህ በ85 ኖት ትወጣለህ። በዚህ ቀርፋፋ ፍጥነት ኢንዲዩስዱ ሩብ መሆኑ ቀርቶ ከጠቅላላው ድራግ ግማሽ ይሆናል። የክንፍ ጫፍ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው። ባለ 3 ጫማው ማራዘሚያ በእኔ ስሌት በደቂቃ 50 ጫማ ያህል ተጨማሪ መውጣት ይሰጥሃል። ትንሽ ይመስላል። በደቂቃ 500 ወይም 600 ጫማ ብቻ ለምትወጣ አውሮፕላን፣ ከፊቷ ኮረብታ ላለባት፣ ትንሽ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከጅማ በሙሉ ጭነት የተነሳ ፓይለት ያቺን 50 ጫማ በገንዘብ አይለውጣትም።

ስለዚህ ባለቤቶቹ ማራዘሚያ ይግዙ ካሉ በመውጣትና በደኅንነት ስም ይግዙት። ነዳጅ ይመልስልናል ብለው የባንክ ሂሳብ እንዳይሠሩበት።

የነዳጁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጥያቄህ ቢገለበጥ የሚያወጣው እሱ ነው።

አንደኛ፣ ክብደት። አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው። ከ1,600 ኪሎው ላይ አንድ ጆንያ ብታወርድ ኢንዲዩስዱ ከ7 በመቶ በላይ ይወርዳል፤ ጠቅላላ ድራጉ በ1.8 በመቶ ገደማ። አንድ ጆንያ ቡና አወረድክ ማለት ከሆርነር ጫፍ የበለጠ አተረፍክ ማለት ነው፣ ያለ ዶላር፣ ያለ ጉምሩክ። ጭነቱ ራሱ ገቢያችሁ ስለሆነ ቡናውን አውርድ አልልህም። ግን አውሮፕላኗ ውስጥ ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሚኖረው? የማይነቀል የኋላ ወንበር፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ገመድ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ። አንድ ቀን ሁሉንም አውጥታችሁ መዝኑት። ትደነግጣላችሁ። ነዳጁም እንደዚሁ ነው። የኋለኞቹ 206ዎች ከ330 ሊትር በላይ ይይዛሉ። ለደርሶ መልስ፣ ለመጠባበቂያና ለአማራጭ ማረፊያ 220 ሊትር የሚበቃበት ቀን ካለ፣ «ለማንኛውም ሙላው» የሚባለው 110 ሊትር 80 ኪሎ ነው። መጠባበቂያውን አትንካ፤ እሱ በሕግ የተቀመጠ ነው። ልማዱን ግን ንካው። አቭጋስ ጅማ ላይ ስለማታገኙ የመመለሻውን ተሸክማችሁ መምጣታችሁ ግድ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ቆጥሬ ነው 220 ያልኩት።

ሁለተኛ፣ ሚክስቸር፣ የነዳጅና የአየር ድብልቁ ማለት ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ፓይለት ሞተሩን እወዳለሁ ብሎ ሚክስቸሩን ወፍራም (ነዳጅ የበዛበት) አድርጎ ይበራል። በክሩዝ ላይ፣ በ62 በመቶ ኃይል፣ ለከፍተኛ ጉልበት በተስተካከለ ሚክስቸርና ለከፍተኛ ቁጠባ በተስተካከለው መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ ያህል ነው። 53 ሊትር የነበረው 47 ይሆናል። ጨርሶ ሊን ሳያደርግ፣ ማለትም ነዳጁን ሳያሳሳ፣ የሚበርማ ካለ፣ ከዚያም በላይ ወደ ውጭ እየረጨ ነው። ይህን ለማድረግ የየሲሊንደሩን ሙቀት የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋችኋል። ስድስቱም ሲሊንደሮች ነዳጅ እኩል የሚደርሳቸው መሆኑንም በዚያው ታያላችሁ። አንዱ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው አፍ) በከፊል የተደፈነ ከሆነ ሊን ስታደርግ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ፓይለቱም ደንግጦ መልሶ ያወፍረዋል። ችግሩ ሊን ማድረጉ ላይ አይደለም፤ ኢንጀክተሩ ላይ ነው። የሲሊንደር ጭንቅላቱን ሙቀት ደግሞ ብዙ የሞተር ሰዎች ከ380 ፋራናይት በታች ማቆየት ይመርጣሉ። ሁሉም በአምራቹ መመሪያ ይሁን። ባለቤቶቹ ለክንፍ ጫፍ የመደቡት ገንዘብ ካለ ይህን መሣሪያ ይግዙበት። ዓይኔን ሳላሽ የምሰጠው ምክር ነው።

ጅማ ላይ ሲነሳም ይህ ይሠራል። በዚህ ከፍታ ሚክስቸሩን ሙሉ ሪች (እስከ መጨረሻው ወፍራም) አድርጎ መነሳት ጉልበት መጣል ነው። በመመሪያው በየከፍታው የተቀመጠ የነዳጅ ፍሰት አለ፤ እሱ ላይ አስተካክሎ መነሳት ነው።

ሦስተኛ፣ ፍጥነት። በ135 ፈንታ በ120 ኖት ብትበሩ ድራጉ 9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አዲስ አበባ ለመድረስ 8 ደቂቃ ትጨምራለህ። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ «ግን» አለ። ሞተርና ጥገና የሚቆጠሩት በሰዓት ነው። ስትዘገይ ሰዓቱ ይጨምራል። ነዳጅ በጣም ሲወደድ መዘግየት ያዋጣል፣ መለዋወጫ ሲወደድ ደግሞ መፍጠን። ሁለቱም ከተወደዱ እንደ እኛ አገር፣ 128 አካባቢ መሐል ላይ ተቀመጥ። ነፋስ ከፊት ሲመታህ ትንሽ ጨምር፣ ከኋላ ሲገፋህ ቀንስ።

አራተኛ፣ ሰዓት። ጠዋት በ15 ዲግሪ ጅማ ላይ ያው ከፍታ 6,900 ጫማ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማት። ከሰዓት ከሚሰማት 1,500 ጫማ ያነሰ ነው። ይህን የሚያህል ልዩነት የሚሰጥ የክንፍ ጫፍ እስካሁን አልተሠራም። የጠዋቱ ጉም እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ጉሙ እንደተነሳ ለመውጣት ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ እንጂ «ቡና እንጠጣና» ተብሎ ስድስት ሰዓት አይሁን።

አምስተኛው ጭቃ ነው። ትስቃለህ። ክረምት ላይ ከሣርና ከጠጠር ሜዳ የተመለሰች 206 ሆድ ሥር ተኝቶ ያየ ሰው አይስቅም። ቀዩ አፈር በጎማው መሸፈኛ ውስጥ ደርቆ ጡብ ሆኗል። የፍላፑ ሥር በጠጠር ተፈንክቷል። የክንፍ ዘንጉ ከሰውነቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው መሸፈኛ አንድ ብሎኑ ወልቆ፣ በእጅ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። የአንቴናው ሥር ማሸጊያ ተላጦ ጫፉ ቆሟል። የፊተኛው የክንፍ ጠርዝ ላይ እጅህን ብታሳልፍ የደረቀ ነፍሳት እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይሄ ሁሉ ፓራሳይት ድራግ ነው፤ ሦስት አራተኛው ድራግ የተቀመጠበት። የጎማ መሸፈኛ ካለመኖሩ ብቻ 2 ወይም 3 ኖት ይጠፋል። ጭቃ ሲበዛ አውልቆ መብረር ልክ ነው፤ ጎማው እንዳይጣበቅ። በጋ ሲሆን ግን መልሱት። ብዙ ቦታ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ሆዷ ላይ የምትታሰረው የጭነት ሣጥን ካለች እሷም ጥቂት ኖት ትበላለች። ባዶዋን ይዛችኋት አትዙሩ።

«እገሌ ያስገጠመ ሰው 5 ኖት አገኘሁ ብሏል» የሚል ነገር ሻጩ ሳያሳይህ አይቀርም። ሰውየው ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ድራግ በ2.5 በመቶ ቢቀንስ በዚያው ኃይል የምታገኘው ፍጥነት 1 ወይም 2 ኖት ነው። ይህን በዓይን አታየውም። የ10 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት፣ 100 ኪሎ ያነሰ ጭነት፣ ትንሽ ነፋስ ከዚህ የበለጠ ያመጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጫፉ ሲገጠም አውሮፕላኗ ታጥባ፣ የላላው መሸፈኛ ሁሉ ጠብቆ ነው የምትወጣው። ምስጋናው ለጫፉ ይሆናል።

መለካት ከፈለጋችሁ መንገድ አለው። ጠዋት፣ አየሩ ሳይናወጥ ውጡ። ክብደቱን መዝግቡ። አንድ ከፍታ፣ አንድ አርፒኤም (የሞተር ዙር)፣ አንድ ማኒፎልድ ፕሬዠር (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት)፣ አንድ የነዳጅ ፍሰት ያዙ። በሦስት አቅጣጫ፣ በመካከላቸው 120 ዲግሪ እያደረጋችሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ፍጥነቱ እስኪረጋ ጠብቃችሁ የጂፒኤሱን ቁጥር ጻፉ። ከሦስቱ ቁጥሮች የነፋሱን ተጽዕኖ አውጥቶ የአየሩን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። በሌላ ቀን ድገሙት። ሁለቱ ቀናት እርስ በርሳቸው በ2 ኖት ከተለያዩ፣ ያ የመለኪያችሁ ስህተት ልክ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ማሻሻያ ማየት አትችሉም ማለት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ የሜካኒካል ተማሪዎች ሂሳቡን በደስታ ይሠሩላችኋል ብዬ አስባለሁ። ጥሩ የመመረቂያ ሥራም ይወጣዋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ጎበዝ መሆኑን አልጠራጠርም። ሥራው ቆንጆ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። ክንፍ ዝም ብሎ የተዘረጋ ቆርቆሮ አይደለም። ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል፣ የራሱ የንዝረት ምት አለው። ጫፉ ላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ፣ ከሥሩ በጣም የራቀ በመሆኑ፣ ያንን ምት ይለውጣል። በአንድ ፍጥነት ላይ የክንፉ መጠማዘዝና የኤልሮኑ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፍ ክፍል) እንቅስቃሴ እርስ በርስ መመጋገብ ከጀመሩ ፍላተር ይባላል፤ ክንፍ በሰከንዶች ውስጥ የሚገነጥል ነገር ነው። ወደ ላይ የቆመ ጫፍ ደግሞ የጎን አየር ሲመታው ክንፉን ያጣምመዋል፤ የክንፉ ሥር ላይ ያለውን ጫናም ይጨምራል። አንድ አምራች ጫፍ ለመሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ፋይበር ግላሱ ላይ አይደለም። ይህ እንደማይደርስ በስሌትና በሙከራ በረራ አሳይቶ ተጨማሪ የዓይነት ሰርተፍኬት ለማግኘት ነው፤ ኤስ ቲ ሲ የምንለው። ያ ወረቀት የሌለው፣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ያላጸደቀው ጫፍ ከተገጠመባት አውሮፕላኗ ለበረራ ብቁ አይደለችም። ኢንሹራንሱም ላይከፍል ይችላል። መንገደኛ ጭናችሁ እንደምትሠሩ አትርሳ።

ሻጩን ስትጠይቁት በመጀመሪያ የኤስ ቲ ሲውን ቁጥርና የእናንተ 206 ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ቀጥሎ ዕቃው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ከመጫን አቅማችሁ ላይ ስለሚቀንስ። ለበረራ መመሪያው የሚጨመረውን ገጽ ያሳያችሁ። 15 በመቶ የሚል ቁጥር እዚያ ገጽ ላይ ካለ ጥሩልኝ፣ እኔም ልይ። ማራዘሚያ ከሆነ ደግሞ የሃንጋራችሁን በር ለኩ። ክንፏ 12 ሜትር ሊጠጋ ነው።

የተሰነጠቀው የግራ ጫፍ ግን መጠገን አለበት፤ እሱ ላይ አትዘግዩ። ስንጥቁ ከብሎን ቀዳዳ የተነሳ ከሆነ በንዝረት እየረዘመ ነው የሚሄደው፤ ውስጡ ደግሞ የናቪጌሽን መብራቱ ሽቦ አለ። ፈቃድ ያለው መካኒክ ይየው። ለጊዜው የስንጥቁን ጫፍ በትንሽ ቀዳዳ አስቁሞ በተፈቀደው መንገድ ሊለጥፈው ይችላል። መተካት አለበት ካለ ግን ያኔ አዲስ ጫፍ መግዛታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ኤስ ቲ ሲ ያለው ሆርነር ከዋናው ጫፍ ጋር ዋጋው ከተቀራረበ እሱን ግዙ። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ ግራና ቀኝ የተለያየ ጫፍ ይዛችሁ እንዳትበሩ።